ከመንገድ የተመለሱት

ቅዳሜ፣ ሰኔ 17

ሮስቶቭን ያዟት።

ሬዲዮው ይህን ሲል አንደኛውን ካልሲ አድርጌ ሌላውን ፍለጋ አልጋ ሥር ጎንበስ ብዬ ነበር። እዚያው ጎንብሼ ቀረሁ። ባለቤቴ ሙሉ ከወጥ ቤት መጥታ «ምን ሆንክ?» አለችኝ። «ወገቤን ያዘኝ» አልኳት። ገና ቁርስ ሳይቀርብ ዋሸኋት ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሩሲያ መንግሥት እየከፈለ ለጦርነት ያሰማራቸው ቅጥረኛ ወታደሮች አሉ። አለቃቸው ከመከላከያ ሚኒስቴሩ ጋር ተጣላ። ሌሊቱን መሣሪያቸውን አዙረው ሮስቶቭ ያለውን የጦር ማዘዣ ያዙ፤ ሌሎቹ ደግሞ የሞስኮን መንገድ ተያይዘውታል። ሃያ ምናምን ዓመት ማንም ቀና ብሎ ያላየውን ፕሬዚዳንት ሊጋፈጡ! እሱም በቴሌቪዥን ወጥቶ ክህደት ነው ብሏል።

ሌላው ሰው ስለ ሞስኮ ይጨነቅ። እኔን ያስጨነቀኝ ሮስቶቭ ነው። በደርግ ጊዜ ስድስት ዓመት የእርሻ መሣሪያ ምህንድስና የተማርኩት እዚያ ነው። ሌና ያለችው እዚያ ነው።

ሌናን ከዚህ ደብተር በቀር ማንም አያውቃትም። ልጄ ናት። ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ትቻት ስመጣ ገና ወንበር ይዛ መቆም መጀመሯ ነበር። እናቷ ታማራ ካረፈች ቆየች። የዛሬ ሦስት ዓመት ሌና ራሷ በፌስቡክ ፈልጋ አገኘችኝ። ከዚያ ወዲህ በቴሌግራም እንጻጻፋለን፤ አንዳንዴም «የደም ግፊት መድኃኒት ልገዛ» ብዬ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ እሄድና ካፌ ተቀምጬ አወራታለሁ። ሙሉ አታውቅም። አግብተው የወጡት ሁለቱ ልጆቻችንም አያውቁም። ይህ ደብተርም የሚያድረው ከመፍቻዎቼ ሣጥን ሥር ነው።

ከጠዋት ጀምሮ የላክሁላት፦

ደህና ነሽ?

ሌና፣ ደህና ነሽ?

ከቤት እንዳትወጪ።

መልሺልኝ እንጂ።

መልስ የለም። ማንበቧም አይታይም።

አራት ሰዓት ላይ ቤት መቀመጥ አቃተኝና ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። ሸምሱ የሰፈራችን ባለሱቅ ነው፤ የስልጤ ሰው ነው፣ ዜና ይወዳል፣ ሳሙና ከመስጠቱ በፊት አስተያየት ይሰጣል። ሰፈሩ እኔን «ግርማ ራሺያ» ነው የሚለኝ፤ ስለዚህ ዛሬ ሁሉም የሚጠብቀው እኔን ነበር። አግዳሚው ላይ ሰው ሞልቷል።

«ጋሽ ግርማ፣ ይምጡ እስቲ ያስረዱን። ስምንት ሰዓት ላይ ከተማውን ሙሉ በሙሉ ያዙት ይላል። አሁን ገና አራት ሰዓት ነው። ያልደረሰ ሰዓት እንዴት ብለው ያወራሉ?»

ሳቅኩበት። አግዳሚው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ ጮክ ብዬ አስተማርኩት። የእነሱ ስምንት የእኛ ሁለት ነው፤ ሰዓቱስ አንድ ነው፣ አቆጣጠሩ ነው በስድስት የሚለያየው። «ስድስት ዓመት እዚያ ስኖር አንድም ቀን ሰዓት ተሳስቼ አላውቅም» አልኩት። ለምን እንደምኮፈስ አላውቅም። እንዲህ ባለ ቀን እንኳ አፌ መኮፈስ አይተውም።

«ቅጥረኛ ማለት ግን እንደ ባንክ ቤት ጥበቃ ነው?»

«እንደዚያ በለው። ታንክ ያለው የባንክ ቤት ጥበቃ።»

«የገዛ ጥበቃው በር ዘጋበት በሉኛ!» አለና ሸምሱ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ ሳይ ዋልኩ። የማውቀው መንገድ ላይ የማላውቃቸው ታጣቂዎች። አንድ ታንክ የሰርከሱ ቤት በር ላይ ተቀርቅሮ ቆሟል። ታማራን ይዤ የገባሁበት ሰርከስ ነው፤ ድቡ ቢስክሌት ሲነዳ አይታ ዕንባዋ እስኪመጣ ስቃለች። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ብርቱካንማ ሰደርያ ያደረገ የመንገድ ጽዳት ሠራተኛ በወታደሮቹ እግር ዙሪያ ይጠርጋል። ሰው ይህን አይቶ ይስቃል። እኔ በሰዎቹ መካከል አንዲት ጠይም ሴት እፈልግ ነበር። ሰባት ጊዜ አየሁት። የለችም።

ማታ ተመለሱ ተባለ። ከሞስኮ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራቸው! የጎረቤት አገር ፕሬዚዳንት መካከል ገብቶ አስታረቃቸው አሉ። ክሱ ይቀራል፣ አለቃው ወደዚያው ጎረቤት አገር ይሄዳል። አለቀ።

ሌና ግን አልመለሰችም።


እሑድ፣ ሰኔ 18

መለሰች!

ልክ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን ሳትመለስ። በራሺያኛ ሁለት መስመር፦ «ደህና ነን። ነገ በስምንት እደውላለሁ፣ የምጠይቅህ ነገር አለኝ።»

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በሩን ቆልፌ፣ ቧንቧ ከፍቼ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁና ሁለተኛዋን መስመር እንደገና አነበብኩ። የምትጠይቀኝ ምንድን ነው? ሦስት ዓመት ስንጻጻፍ ጠይቃኝ የምታውቀው ስለ አየሩ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ቁመቴ ነው።

ሸምሱ ሱቅ ደግሞ ጥያቄው ተለውጧል። ትናንት «ምን ሆነ?» ነበር፤ ዛሬ «ለምን ተመለሱ?» ሆኗል። መቼም ራሺያው እኔ ነኝ፣ መልስ ከእኔ ነው የሚጠበቀው። የሰጠኋቸው ምክንያቶች፦ ነዳጅ አልቆባቸው ይሆናል። ቤተሰቦቻቸውን ይዘውባቸው ይሆናል። ሌላው ጦር ይቀላቀለናል ብለው ጠብቀው ቀርቶባቸው ይሆናል። ድራማ ሊሆንም ይችላል። በየምክንያቱ ራስ ይነቀነቃል፣ ግን ማንም አልረካም። እኔም አልረካሁም።

ሸምሱ ሲሰማ ቆየና «ሽማግሌው የጎረቤት መሪ ነው፣ እሺ» አለ። «ዋሱስ ማነው?»

«የምን ዋስ?»

«እንዴ፣ ጋሼ! እርቅ ሲወርድ ዋስ ይጠራል አይደል እንዴ። ነገ ኃይለኛው ሐሳቡን ቢለውጥ፣ በእኔ ላይ ነው ብሎ መካከል የሚቆም ሰው። ዜናው ሽማግሌ ገባ ብቻ ነው የሚለው። ዋስ ከሌለው ያ ሰውዬ፣ ወላሂ፣ አለቀለት።»

ስለ ሩሲያ ከሰማሁት ትንታኔ ሁሉ ይሄ ይሻላል። አልነገርኩትም እንጂ።

ማታ ሙሉ የእድሩን ካርዶች ጠረጴዛ ሙሉ ዘርግታ ስትሠራ አመሸች። የእድራችን ጸሐፊ ናት፤ ጡረታ እስክትወጣ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ስለነበረች እጅ ጽሑፏን ሰፈሩ ያውቀዋል። የድሮው መዝገብ ጣሪያው አፍስሶበት ስለተበላሸ የየአባሉን የቤተሰብ ካርድ አዲስ እየገለበጠች ነው። አባወራ፣ እማወራ፣ ልጆች፣ ወላጆች። ማን ሲሞት ድንኳኑ ማን ደጅ እንደሚተከል የሚታወቀው ከዚያ ካርድ ነው። የመጪው እሑድ ስብሰባ ላይ አንድ በአንድ ይነበባል፣ ስህተት ያለበት ተነሥቶ ይናገራል። እኔ መስመር እያሰመርኩላት ነበር።

«የእኛን መጨረሻ እጽፈዋለሁ» አለች። «ምን አዲስ ነገር አለው።»

ማስመሪያው ሸሸኝ። አንድ ካርድ አበላሸሁባት።


ሰኞ፣ ሰኔ 19

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ መድኃኒት ልገዛ ብዬ ወጣሁ። ጳውሎስ፣ የተለመደው ካፌ፣ ከመስኮቱ አጠገብ። ማኪያቶ አዘዝኩ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ ድምፁን ከፍ አደረግኩ፤ ዝቅ አደረግኩ፤ እንደገና ከፍ አደረግኩ።

ስምንት ሰዓት። አልደወለችም።

ስምንት ተኩል። ጎኔ ያሉት የሕክምና ተማሪዎች ስለ ፈተና ይነጫነጫሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለተኛ ማኪያቶ። ዘጠኝ ተኩል ላይ እኔው ደወልኩ፣ አይነሣም። ተመልሰው መጡ ይሆን? ሰዎቹ ከከተማው ወጥተዋል ተብሏል፤ የተባለውን ሁሉ ማን ያምናል? ወይስ የምትጠይቀኝን ነገር ልትጠይቀኝ ፈርታ ተወችው? አሥር ሰዓት ላይ ባትሪዬ ሞተ። ዝናቡ ጃንጥላ የማይመልሰው ነበር። ታክሲ ሰልፉ ረዘመብኝና በእግሬ መጣሁ። መድኃኒት መግዛቱንም ረሳሁት።

ቤት ስገባ ሙሉ እርጥብ ኮቴን አየች፣ ባዶ እጄን አየች። ስልኬን ሳሎን ሰካሁና እግሬን በሙቅ ውኃ ልታጠብ ገባሁ።

አሁን የሆነውን ልጻፈው። ካልጻፍኩት ነገ እለውጠዋለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆነ። ልክ ሁለት። ስልኩ ጮኸ። አንድ እግሬ ሳፋ ውስጥ ነው። በዚያች ሰከንድ ብቻ ነው የገባኝ። የእነሱ ስምንት! ቅዳሜ ሸምሱን በሰፈሩ ፊት ያስተማርኩት ስምንት! ስድስት ዓመት ኖሬ አንድም ቀን ተሳስቼ የማላውቀው ሰውዬ!

ውኃ እያንጠባጠብኩ ስወጣ ሙሉ ስልኩን በረጅሙ ዘርግታ ይዛዋለች። ቪዲዮ ነበር። ከስልኩ ውስጥ «ፓፓ? ፓፓ?» ይላል። ሙሉ ለስልኩ «ዌይት» አለችውና ሰጠችኝ።

ሌና በመጀመሪያ የጠየቀችኝ «ማናት?» ብላ ነው። «ባለቤቴ» አልኳት። ከዚያ እንደ ጎርፍ አወራች። ቅዳሜ ዕለት ታንኮቹ በመስኮቷ ሥር አልፈዋል። አራተኛ ፎቅ ናት። የገላ መታጠቢያውን ገንዳ ውኃ ሞላች፣ ወረቀቶቿን ቦርሳ ከተተች፣ ጫማዋን እንዳደረገች ኮሪደር ላይ ተቀመጠች። እና እዚያ ቁጭ ብላ ያሰበችው፦ «ዛሬ ብሞት አባቴ ቤት የሚያውቀኝ የለም። ለማን ይነገራል?» የምትጠይቀኝም ይህንኑ ነበር። «እዚያ ቤት ውስጥ ስሜን የሚያውቅ ሰው አለ? አንድ እንኳ?»

ሙሉ አጠገቤ ቆማለች። «የለም» አልኩ በራሺያኛ። ሦስት ዓመት ካወራሁት ሁሉ እውነተኛው ቃል እሱ ነው።

ሌና ራሷን ነቀነቀችና ዘጋች።

ሙሉ «ልጅህ ናት?» አለች።

«አዎ።»

«የእማማ ፊት ነው» አለች። እናቴን ማለቷ ነው። እናቴ አልጋ ላይ የዋለችበትን ዘጠኝ ዓመት ያን ፊት በየጠዋቱ ያጠበችው እሷ ናት። ከዚያ የልጆቹ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋችው፤ በቀስታ።


ማክሰኞ፣ ሰኔ 20

ሙሉ ዛሬ ያላደረገችው፦ አላናገረችኝም። አላለቀሰችም። ሳህን አላንጓጓችም። ለእህቷ አልደወለችም። መድኃኒቴን በእጄ አልሰጠችኝም፤ ከራሷ መሳቢያ የቀረችውን አንድ ፍሬ ከብርጭቆ ውኃ ጋር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሄደች። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

በእሷ ዝምታ ውስጥ ምን ብዬ እንደማስረዳ ስለማመድ ዋልኩ። ስመለስ በደርግ ጊዜ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ «ከውጭ ማን ነው የሚጽፍልህ?» ይባል ነበር። ሁለት ዓመት ከታማራ ጋር በጓደኛ አድራሻ ተጻጻፍን፣ ከዚያ ፈራሁና ተውኩት። እስከዚህ ድረስ ሰው ይረዳዋል። ከዚያ ግን መንግሥት ተለወጠ። የሚጠይቀኝ ጠፋ። ሙሉን ያገባሁት በዚያው ዓመት ነው። በዚያ ጊዜ መናገር እችል ነበር። በመጀመሪያው ልጃችን ክርስትና እችል ነበር። እናቴ ስትሞት እችል ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት እችል ነበር። ለእነዚህ ምክንያት የለኝም። ፈሪ ስለሆንኩ ነው። በቃ።

ሽማግሌ ልላክ ብዬ አሰብኩ። ማንን? ካሰብኳቸው ሁሉ ሙሉ የምታከብረው ሸምሱን ነው። ሱቁ ስደርስ ሻንጣ እያሰረ ነው። ነገ አረፋ ነው፣ ቤተሰቡን ይዞ አገር ቤት ሊገባ ነው። የዓመቱን ስጦታ በከረጢት በከረጢት አድርጎ ደርድሮታል።

«ሸምሱ፣ አንድ ጓደኛዬ ከሚስቱ ጋር ተጋጭቶ…» ብዬ ጀመርኩ።

ዓይን ዓይኔን አየኝ። ጓደኛዬን ያወቀው መሰለኝ።

«ከባድ ነው ግጭቱ?»

«ሳይነግራት የኖረው ነገር ነበር።»

«አሁን ነገራት?»

«ራሷ አወቀችው።»

ሸምሱ ገመዱን ቋጠረ። «ለጓደኛዎ እንዲህ ይበሉልኝ፣ ጋሼ። ሽማግሌ የሚላከው ነገሩ ሜዳ ላይ ሲሆን ነው። ግማሹ ተደብቆ እያለ እኔም ብገባ ምን እላታለሁ? መጀመሪያ ራሱ ያውጣው። ሰው ሁሉ ካወቀው ሰው ሁሉ ዋስ ይሆነዋል።» ከዚያ ደግሞ ነገር ሊያበርድልኝ ፈልጎ ይሁን እንጃ፣ «ያ የቅጥረኞቹ አለቃ እኮ የድምፅ መልእክት ለቀቀ፤ መንግሥት ልገለብጥ አልነበረም ይላል» አለኝ። «ታዲያ ለምን ወጣ?»

«እኔ ምን አውቄ» አልኩት። ግርማ ራሺያ ይህን ሲል የመጀመሪያው መሆን አለበት። አንድ ሁለት ሰው ዞሮ አየኝ።

ማታ ሙሉ ካርዶቹን ጨረሰች። መቶ ምናምኑ ሁሉ ተደርድሯል። የእኛ ብቻ ባዶ ሆኖ ከላይ ተቀምጧል።


ረቡዕ፣ ሰኔ 21

ማርያም ናት። ሙሉ በየወሩ በሃያ አንድ እንጦጦ ማርያም ሳትሄድ ቀርታ አታውቅም። ግን በነጠላዋ ብቻ ነው የምትሄደው። ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በመስኮት ሳያት ሰማያዊውን ቦርሳ ይዛለች። በሩ ተዘጋ። ቁም ሣጥኗን ከፈትኩ፤ የሌሊት ልብሷና ሹራቧ የሉም።

ቀጨኔ እህቷ ቤት ነው የምትሄደው። እህቷ ጋ ከገባች ወንድሟ ይጠራል፣ ልጆቻችን ይጠራሉ፣ ሁሉም ተሰልፎ ይመጣል። ሸምሱም የለም። ሱቁ ተዘግቷል፣ የሰፈሩ ሙስሊም ጎረቤት ሁሉ ወይ ሶላት ላይ ነው ወይ አገር ቤት። ሰፈሩ ጭር ብሏል። ልደውልላት ስልኩን አነሣሁ፣ አስቀመጥኩ። ልከተላት ጫማ አደረግኩ፣ አወለቅኩ። ሬዲዮ ከፈትኩ፤ ቅጥረኞቹ ለምን እንደተመለሱ ዛሬም ይተነትናሉ። ዘጋሁት።

ያን ፕሬዚዳንት አሰብኩት። ቅዳሜ ጠዋት፣ እየመጡ ነው ሲሉት፣ እንዲህ ነው የተቀመጠው? እስካሁን ስለ እሱ ሳወራ ከሩቅ ሆኜ ስፈርድ ነበር። እኔ ግን ሠላሳ ሁለት ዓመት በዚህ ቤት ማን ምን ማወቅ እንዳለበት ብቻዬን የወሰንኩ ሰው ነኝ። እንዲያውም እሱ የሚያማክሩት ሰዎች አሉት።

ሰባት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ።

ሙሉ ናት። ብቻዋን። ጫማዋ ጭቃ፣ ቦርሳው እርጥብ። ወንበር ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። ላግዛት ስጠጋ እግሯን ሰበሰበች።

«እህትሽ ጋ የሄድሽ መስሎኝ ነበር» አልኳት።

«ሄጄ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ተመለስሽ?»

ጥያቄው ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ሳምንቱን ሙሉ እኔው የተጠየቅኩት ነው።

ጫማዋን አውልቃ ጨረሰች። ከዚያ ከሰኞ ወዲህ ያላወራችውን ሁሉ አወራችው። «ማርያምን ተሳልሜ ቀጨኔ ወረድኩ። ደጇ ደረስኩ። ላንኳኳ እጄን አነሣሁ። ከዚያ አሰብኩ፤ እህቴ ምን ሆንሽ ትለኛለች። ባሌ ልጅ አለው ልበላት? ልጅ መኖሩ ወንጀል ነው? ዋሸኝ ልበላት? እሺ፣ ዋሸኝ። ከዚያስ? ምን እናድርግልሽ ቢሉኝ ምን እላለሁ? ፍቺ እፈልጋለሁ ልበል? አልፈልግም። ምን እንደምፈልግ እኮ አላውቅም! የወጣሁት ለመሄድ ብቻ ነው። ከደረስኩ በኋላ የምለውን ሳላስብ ነው የወጣሁት።»

እጇን አንሥታ በአየር ላይ አንኳኳች፣ እንዴት እንደነበር ልታሳየኝ።

«ስለዚህ ተመለስኩ» አለች። «ተመለስኩ ማለት ግን ታረቅኩ ማለት አይደለም፣ ግርማ። ምን እንደምፈልግ ሳውቅ እነግርሃለሁ።»

የሚገርመው ቅዳሜ ዕለት ከዓለም ሬዲዮ ሁሉ የጠበቅኩት መልስ ይሄ ነበር። ሽንፈትም ድራማም ላይሆን ይችላል። ሰውዬው ተናደደ፣ ተነሣ፣ ሄደ፤ ደጁ ሲቀርብ ገብቶ የሚለውን አጣ። አለቃውን ልጠይቀው አልችልም። ሙሉን ግን አምናታለሁ። ሌላው የገባኝ ነገር ደግሞ ይበልጥ ያስፈራኛል። የተመለሰ ሰው ንዴቱን ይዞ ነው የሚመለሰው፤ በዚያኛው ቤት ፕሬዚዳንቱም አለቃውም ይህን ያውቃሉ።


ሐሙስ፣ ሰኔ 22

ጠዋት ሻይ ስቀዳ መጥታ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠች። የእድሩን ባዶ ካርድና ብዕሯን ይዛለች።

«የምፈልገውን አወቅኩ» አለች።

ሻዩ ከብርጭቆው አልፎ ፈሰሰ።

«ስሟን ንገረኝ።»

«ሌና።»

«ሙሉ ስሟን። ካርድ ላይ ቅጽል ስም አልጽፍም።»

«ኤሌና ግርሞቭና።» ምን ማለት እንደሆነ አስረዳኋት። እነሱም እንደኛ ልጅን በአባቱ ስም ይጠራሉ፤ የግርማ ልጅ ማለት ነው። በትምህርት ቤት፣ በመሥሪያ ቤት፣ ሐኪም ቤት ሰው ሲያከብራት እንዲህ ብሎ ነው የሚጠራት። ሌና አንዴ እየሳቀች «በዓለም ላይ ግርሞቭና የምባል እኔ ብቻ ነኝ» ብላኛለች።

ሙሉ ብዕሩን አስቀመጠችው። ዓይኗ ሞላ። ለሦስት ቀን ያላለቀሰች ሴት።

«እሷ ሠላሳ ሰባት ዓመት ስምህን እየጠራች ትኖራለች» አለች፣ «አንተ የእሷን አንድ ቀን በዚህ ቤት መጥራት ከበደህ?»

ምን ይባላል? አለቀስኩ፤ ዛሬ ቧንቧ አልከፈትኩም።

ብዕሩን አነሣች። በዚያ ሰፈሩ በሚያውቀው ቆንጆ ጽሑፏ፣ ከሁለቱ ልጆቻችን ስም በላይ፣ ታላቅ ናትና፣ ኤሌና ግርማ ብላ ጻፈች። ነፋ ነፋ አድርጋ አደረቀችው።

«እሑድ ካርዶቹ ይነበባሉ» አለች። «የእኛ ሲነበብ ጸጥ ይላሉ። ከዚያ ማን ናት ይላሉ። እኔ አንድ ቃል አልናገርም። አንተ ትነሣና ልጄ ናት ትላለህ። ልጆቹን ግን ከዚያ በፊት ቅዳሜ ራስህ ትጠራቸዋለህ።»

«ይስቁብኛል።»

«ይሳቁብህ።»

ሸምሱ ያለው ዋስ ይሄ ነው መሰለኝ። ከአንድ ሰው በላይ ነው፣ መቶ ምናምን አባወራ። ፈራሁ፣ እውነቴን ነው። ግርማ ራሺያ ሁሉን የሚያስረዳ ሰው ነበር፤ እሑድ አንዲት ዐረፍተ ነገር ተናግሬ መቀመጥ ነው ያለብኝ። ሙሉ ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም። ትናንት ሌሊትም የተኛችው የልጆቹ ክፍል ነው፤ ዛሬም የሚለወጥ አይመስለኝም። ጠየቅኳት፤ «እሱን ገና አላሰብኩትም» አለች።

ለሌና ጻፍኩላት። ያንን የመሰለ ረጅም መልእክት በራሺያኛ ከጻፍኩ ዘመን አልፎኛል፣ ስህተት ሞልቶታል። ስምሽ ተጽፏል አልኳት። የምንኖርበት ሰፈር አንድ ሰው ሲሞት የሚያለቅስለት ከስም ዝርዝር ላይ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ አንቺም አለሽበት። እንግዳ ነገር ይመስላታል ብዬ ፈርቼ ነበር። ስልኩን ፊቴ አስቀምጬ ጠበቅኩ። ከዚያ «ዛሬ እደውላለሁ። ሚስትህ ትኖራለች?» አለች።

ለሙሉ ነገርኳት።

«በስንት ሰዓት ነው ያለችው?»

«ሁለት ሰዓት።»

«በእኛ ነው በእነሱ?»

«በእኛ» አልኳት። ሦስት ጊዜ ነው ያረጋገጥኩት።

ይህን የምጽፈው ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ደብተሩ ከመፍቻዎቹ ሥር ወጥቷል። ለሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሙሉ መጥታ በራሺያኛ ሰላም እንዴት እንደሚባል ጠየቀችኝ። «ፕሪቬት» አልኳት። «ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ» አለችና ፀጉሯን ልታስተካክል ገባች። አምስት ደቂቃ ይቀራል። በሩ ገርበብ ብሏል። መስተዋቱ ፊት ቆማ «ፕሪቬት ሌና፣ ፕሪቬት ሌና» እያለች ስትለማመድ ይሰማኛል።